የእጣቢው ባለቤት

ይህን ነገር ሰምተነዋል የምትሉ ካላችሁ ደግማችሁ ስሙት፤ ሁለተኛ ሲሰሙት የሚያንስ ነገር አይደለም።

ወንዝ የሌለው፣ ምንጭ የሌለው አንድ አገር ነበረ። ከተማው ተራራ ወገብ ላይ ተለጥፎ የሚጠጣው ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ ነው። ዝናቡ ጣራውን መትቶ በአሸንዳ ይወርዳል፤ ከአሸንዳው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ በድንጋይ ወደተሠራው ትልቅ ቦይ ይገባል፤ ቦዩም እየተጠማዘዘ ወርዶ ከተማው ግርጌ ወዳለችው ገንዳ ያስገባዋል። ገንዳዋ ሰፊ ነበረች። ዙሪያዋን ልዙር ያለ ሰው ኪሱን ሙሉ ቆሎ ይዞ ይነሣል፣ ዞሮ ሳይጨርስ ቆሎው ያልቃል። ከገንዳዋ በታች ጎመንና ሰላጣ ተክለው የሚኖሩ የታች ሰፈር ሰዎች አሉ። ንጉሡና ሹማምንቱ ከቤተ መንግሥቱ ጣራ የወረደውን ለብቻው በጋን አስቀምጠው ይጠጣሉ፤ የላይ ሰፈር ሰውም እንደ አቅሙ የየጣራውን ይይዛል። ከገንዳዋ የሚቀዳው የታች ሰፈር ነው። የላይ ሰፈር ይታጠባል፣ የታች ሰፈር ይጠጣል። ሥራው እንደዚህ ነበር የተከፋፈለው።

ቦዩ ገንዳዋ ሊደርስ መቶ እርምጃ ሲቀረው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ገንዳዋ፣ አንዱ ወደ ገደል። መገንጠያው ላይ ከወይራ የተጠረበ ሳንቃ አለ። ወደ ቀኝ ሲገፉት ውሃው ወደ ገንዳ፣ ወደ ግራ ሲገፉት ወደ ገደል ይሄዳል። የሳንቃው ጠባቂ ይርገዱ ትባላለች። እናቷም ሳንቃ ጠባቂ ነበረች፣ አያቷም። ይርገዱ ፊደል አልቆጠረችም፤ እስከ አራት ግን አሳምራ ትቆጥራለች፣ ሥራዋም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ክረምት ሲገባ የሚጥሉት ሦስት ዝናቦች ወደ ገደል፣ አራተኛው ወደ ገንዳ። በቃ።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ አፍንጫ እንጂ ትምህርት አያስፈልግም። ስምንት ወር ሙሉ ጠብ ሳይል ሲቀር ከተማው የሚያጠራቅመው ነገር አለ። የአህያ ፋንድያ አለ። የቆዳ ፋቂዎች ጥራጊ፣ የቀለም ነካሪዎች ዝቃጭ፣ የአንጥረኞች ዝገት አለ። ጣራ ላይ የሞተች እርግብ አለች። ሰው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ወዲያ ወዲህ አይቶ የሚሠራው ነውርም አለ። የመጀመሪያው ዝናብ ይህን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚወርደው። ሁለተኛው የቀረውን ይለቅማል። ሦስተኛው ያለቀልቃል። ድስት አጥቦ እጣቢውን የሚጠጣ ሰው የለም፤ ከተማም ያው ድስት ነው።

ታዲያ በዚያ አገር የሙሌት በዓል የሚባል ነገር ነበር። በገንዳዋ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ። ውሃው መስመሩን የነካ ዕለት ነጋሪት ይጎሰማል፣ ንጉሡ ካባ ደርቦ ይወርዳል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ቀኑም በድንጋይ ላይ ይጻፋል። የንጉሡ አባት ገንዳዋን ነሐሴ አጋማሽ ላይ አስሞልቶ ነበር። ልጅየው ከአባቱ ቀድሞ ካላስሞላ ምኑን ነገሠው? ዝናቡ ግን የማን ልጅ እንደሆነ አላወቀለትም፤ በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ግንቦት ሲያልቅ ሊቀ ጠብታ ወደ ሳንቃው ወረደ። ሊቀ ጠብታ የውሃው ሁሉ አለቃ ነው፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አስረስ ነው። ከኋላው ጸሐፊ፣ ከጸሐፊው ኋላ ጃንጥላ ያዥ ተከትለውታል። ይርገዱ አስረስን ከእናቱ ሆድ ከወጣ ጀምሮ ታውቀዋለች። በሰው ፊት "እርስዎ" ትለዋለች፣ ሰው ከሌለ "አንተ"።

"እማማ ይርገዱ፣" አለ፤ "ከዘንድሮ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ወደ ገደል አትሄድም። የመጀመሪያውም ዝናብ ወደ ገንዳ ይገባል።"

"የመጀመሪያውም?"

"ከሰማይ የሚወርድ ሁሉ የንጉሥ ነው። ለገደል እየገበርን እስከ መቼ እንኖራለን?"

"ጌታዬ፣ የመጀመሪያው እኮ..." አለችና ቆመች። ጸሐፊው ብዕሩን ከጆሮው ላይ አውርዶ ነበር።

ሰው ብዕር የሚፈራበት ምክንያት አለው። በዚያ አገር አደጋ ያለ ባለቤት አያድርም። ሕጉን ያወጣው የንጉሡ አያት ነው፤ ባለቤት የሌለው ነገር ጠባቂ የለውም ብሎ አስቦ። ሲሰሙት ደግ ሕግ ነው። ባለቤቱ ማን ይሁን ሲባል ግን ሹማምንቱ ሰባት ቀን ተቀምጠው፣ ሰባት በሬ በልተው፣ "መጀመሪያ ስሙን የጠራው ይሁን" ብለው ተነሡ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ካልተማሩ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ "ይሄ ነገር ያሰጋል" ያለ ሰው ወደ አደጋ ቤት ይወሰዳል፤ አደጋው በስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አንገቱ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠልለታል። ሰሌዳ ያለበት ሰው ሰርግ አይጠራም፣ ማኅበር አይገባም፣ አራስ ቤት አይረግጥም፤ አደጋው እንዳይጋባ ተብሎ። ሌላውም ሰው የእሱን አደጋ በእጁ አይነካም፤ የሰው ንብረት ነዋ።

ጓንጉል የሚባል ግንበኛ "ድልድዩ ተሰንጥቋል" ብሎ ነበር። ሰሌዳው ተሰጠው። ጓደኞቹ መዶሻቸውን ይዘው ሊጠግኑ ቢመጡ "የጓንጉል ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ" ተባሉ። ጓንጉል ብቻውን ድንጋይ ሲያነሣ ወገቡ ተቀጨ። ድልድዩ ሁለት በቅሎ ይዞ ወደቀ። ጓንጉልም "ድልድይህ በቅሎ ገደለ" ተብሎ ታስሮ ከረመ። ያን ጊዜ ነው መዝገቡ ላይ አዲስ አደጋ መጻፍ የቀረው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ "በአገራችን አዲስ አደጋ አልተገኘም" ተብሎ ይታወጃል።

ይርገዱ ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ አለቻት፣ ትርንጎ የምትባል። ትርንጎ የታች ሰፈር ጎመን ተካይ አግብታ፣ ዘጠኝ ዓመት ሳትወልድ ኖራ፣ ዘንድሮ ስድስት ወሯ ነበር። ይርገዱ ለአራስ ቤት የሚሆን ቅቤ ካስቀመጠች ስንት ዓመቷ። ቅቤው በስሎ፣ ሸቶ፣ ተደፍቶ፣ እንደገና ተተክቷል።

"የመጀመሪያው ምን?" አለ ሊቀ ጠብታ።

"ምንም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።"

ጸሐፊው ብዕሩን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሰኔ ላይ በቀትር ወረደ። ሽታው ከውሃው ቀድሞ ደረሰ። ይርገዱ ሳንቃውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቀኝ ገፋችው። በመጀመሪያ ዝናብ ወደ ቀኝ ገፍታው አታውቅም፤ ክንዷ እምቢ እያላት ገፋችው። ውሃው እንደ ጠላ አተላ ጠቁሮ፣ ላባና ገለባ ተሸክሞ፣ ላዩ ላይ እንደ እርግብ አንገት የሚያብረቀርቅ ቅባት አስፍፎ ወደ ገንዳዋ ገባ።

ሊቀ ጠብታ በነጭ ሳህን አስቀዳ። የውሃ መመርመሪያው ደንብ እንዲህ ነው፤ የንጉሡ ቀለበት ሳህኑ ውስጥ ይጣላል፣ ከላይ ሲያዩት ከታየ ውሃው ንጹሕ ነው። ቀለበቱ ተጣለ። አልታየም። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አየ፤ አልታየውም። ጃንጥላ ያዡም ታዘዘ፤ እሱም አጣው።

"ዛሬ ዓይናችን ደክሟል፣" አለ ሊቀ ጠብታ። "ሳህኑ ይቀመጥ።"

ሳህኑ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። ወታደር ቆሞ ጠበቀው። በዘጠነኛው ቀን ጭቃው ዘቅጦ ላዩ ጠራ። የጠራውን በቀስታ ወደ ሌላ ሳህን ገልብጠው ቀለበቱን ጣሉበት። ቀለበቱ አብረቀረቀ። ማኅተም ተመታ።

"አየሽ እማማ፣ ጠራ።"

"አዎ ጌታዬ። ቀለበቱ ይታያል።"

የቀለም ነካሪዎችን ጨው ይርገዱ ታውቀዋለች። ውሃ ውስጥ ሲገባ አይታይም፤ በሬ ግን ይጥላል። የምንጠጣው ቀለበቱን አይደለም ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርገዱ ባለፈው ዓመት ጓሮዋ ቀብራ ካስቀመጠችው ሁለት ጋን ውሃ በእንስራ እየቀዳች በየጠዋቱ ወደ ታች ሰፈር ትወርዳለች። ቁልቁለቱ ጉልበቷን ይበላዋል፣ ዳገቱ ትንፋሿን።

"እማዬ፣ ገንዳው ደጄ ላይ እኮ ነው፣" ትላታለች ትርንጎ። "ምን ያለፋሻል?"

"ነፍሰ ጡር የእናቷን ውሃ ነው የምትጠጣው።"

"እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም።"

"አሁን ሰማሽ። ጠጪ።"

እውነቱን አልነገረቻትም። ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የተጠራ አደጋም እንደ ተጠራ ይቆጠራል። የሰማም ካላሳወቀ አብሮ ሰሌዳ ያጠልቃል። እንግዲህ ለልጇ የምትሰጣት ውሃ ነበራት፣ ቃል ግን አልነበራትም።

ሐምሌ ሲገባ የታች ሰፈር ሰው ሆዱን ይዞ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ሕፃናቱ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ። ሰላጣውን ሰው በላ፣ ሰላጣውም ሰውን በላ። ሊቀ ጠብታ ነገሩን መርምሮ አዋጅ አወጣ፦ ሕዝቡ የታመመው ውሃ አጠጣጥ ስለማያውቅ ነው፤ ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በሦስት ጉንጭ ይጠጣ። የአጠጣጥ ተቆጣጣሪ ተሾመ፤ ቤት ለቤት እየዞረ የሰው ጉሮሮ ያያል። ሁለት ሕፃናትና አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ሦስቱም "በዕድሜ" ተብሎ ተጻፈ።

አንድ ጠዋት ይርገዱ እንስራዋን አዝላ ስትደርስ ትርንጎ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ገብቷል። የጎረቤቷ የፈንታነሽ ልጅ፣ ያቺ ሰሞኑን ልትሞት ነው የተባለችው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገዳ ትመጥጣለች።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ሆዴን ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።"

"ውሃዬን አልጠጣሽም?"

"ለፈንታነሽ ልጅ ሰጠኋት። የእናትሽ ውሃ ሲሰጧት ሆዷ ይረጋላታል አለችኝ ፈንታነሽ። አራት ቀን ሙሉ እሷ ጠጣች። እኔ ከገንዳው ቀዳሁ።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ውሃ አይደለም እንዴ እማዬ? ውሃን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?" ትርንጎ ወደ ግድግዳው ዞረች። "ሌላ ነገር ካለው ለምን አልነገርሽኝም?" አለች።

ይርገዱ እንስራውን አወረደች፤ የልጇን ራስ ደግፋ አጠጣቻት። ጨውና ትንሽ ማር ጨመረችበት። ቀኑን ሙሉ በማንኪያ በማንኪያ ስታጠጣት ዋለች። ወደ ማታ ትርንጎ ሽንቷ መጣ፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "እየተንቀሳቀሰ ነው" አለች። ይርገዱ ያን ጊዜ ብቻ ተቀመጠች።

በማግስቱ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ አደጋ ቤት ወጣች። በሩ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ጸሐፊው መዝገቡን ተንተርሶ ተኝቷል።

"ምን ፈለግሽ?"

"አደጋ ላስመዘግብ።"

"የራስሽ ነው የሰው?"

"ካስመዘገብኩት የኔ ይሆን የለም ወይ? ተነሥ።"

ጸሐፊው እየሮጠ ሊቀ ጠብታን ጠራ። ሊቀ ጠብታ ገባ፣ ሰው እንዲወጣ አዘዘ፣ በሩን ራሱ ዘጋ።

"እማማ፣ ልጅሽ ልትወልድ ነው አሉ።"

"አዎ።"

"ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሽው ነው። ሰሌዳውን ካጠለቅሽ ደጃፏን አትረግጪም። የልጅ ልጅሽን አታቅፊም። ሁሉም አይቶ ዝም ብሏል። አንቺ ከሁሉ ምን ለይቶሽ ነው?"

"አንተ ስትወለድ ያጠብኩህ እኔ ነኝ፣ አስረስ። እናትህ ከተኛችበት ቀና ብላ 'እጣቢውን ራቅ አድርገሽ ድፊው' አለችኝ። ራቅ አድርጌ ደፋሁት። ፊደል አልቆጠረችም ነፍሷን ይማር፤ ቀለበትም አልጣለችበትም።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ጸሐፊህን ጥራ።"

ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ። ይርገዱ ቃል በቃል አስጻፈችው፦ "በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የሚጥሉት የሦስቱ ዝናቦች እጣቢ ያሰጋል። ንብረትነቱ የይርገዱ ነው።"

"'በየዓመቱ' ምን ያደርጋል?" አለ ጸሐፊው።

"ከተማው በየዓመቱ ይቆሽሻል። ጻፍ።"

ሰሌዳውን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትወጣ ጓንጉል እንደ ልማዱ ከአደጋ ቤት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ሰሌዳው ጉልበቱ ላይ ነው።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣" አለ። "ጓደኛ አጥቼ ነበር።"

"ይከብዳል?"

"እንጨቱ አይከብድም። ሰው ሲያይሽ መንገድ መለወጡ ነው።" አንገቱ ላይ ያለውን ገመድ ላላ አደረገ። "ሁሉም ግን የሚረሳው አንድ ነገር አለ፣ እትዬ ይርገዱ። የራስን አደጋ የራስ እጅ ይነካዋል። ሕጉ የከለከለው ሌላውን ነው። እኔን የገደለኝ ድልድይ መሆኑ ነው። አንድ ሰው የሚችለው ነገር ቢሆን ኖሮ..."

ይርገዱ መሄዷን ትታ ቆመች።

"የገንዳውን ውታፍ አንድ ሰው ይነቅለዋል?"

"መዶሻ ካለው።"

"አለህ?"

"ግንበኛ እኮ ነኝ።"

ውታፉ ከገንዳዋ ግድግዳ ሥር፣ በገደሉ በኩል፣ እንደ ሰው ጭን የወፈረ ግንድ ነው። ይርገዱ አረፍ እያለች መታችው። ጓንጉል አጠገቧ ቆሟል፤ በእጁ አይነካም፣ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ታች" ይላል። የታች ሰፈር ሰው ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ማንም ምን እየሠራሽ ነው አላለም። ሊቀ ጠብታ ወታደር አስከትሎ ሲደርስ ውሃው ወደ ገደል እያገሳ ነበር።

"ድፈኑት፣" አለ።

ወታደሮቹ ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

"ጌታዬ፣ የሰው አደጋ መንካት ክልክል ነው።"

"የንጉሡ ዝናብ ተቀላቅሎበታል እኮ።"

"ለይታችሁ ውሰዱታ፣" አለች ይርገዱ፤ መዶሻውን ለጓንጉል መለሰችለት።

ገንዳዋ ሁለት ቀን ፈሰሰች። ሥሯ ሲታይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወይን ጠጅ መሳይ ጥቁር ዝቃጭ ተኝቶበታል። ያየው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ ስሙን ግን የጠራ የለም። ይርገዱ ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ንብረቴን የሚጠርግ ሠራተኛ እፈልጋለሁ። ያዘዝኳችሁ እኔ ነኝ፣ እጃችሁ የኔ እጅ ነው።" ቀድማ አካፋ ይዛ የገባችው ፈንታነሽ ናት።

ሰሌዳው አንድ ነገር ሰጣት። የራሷ ስለሆነ ስሙን እንደ ልቧ ትጠራዋለች። በየደጁ ቆማ ትናገራለች፦ የምትጠጡትን አፍሉት፤ ሰላጣውን ከሥሩ አጠጡት እንጂ ከላይ አታርከፍክፉበት፤ ለአትክልት የምትቀዱበትን እንስራ አንገቱን በጥላሸት ቀቡት፣ ከሚጠጣው እንዲለይ። ግማሹ ይሰማል። ግማሹ ሰሌዳውን ሲያይ በሩን ይዘጋል። በተዘጋው በር ላይም ትናገራለች።

ከዚያ በኋላ የጣለው ዝናብ የታጠበ ከተማ ላይ ነው የጣለውና ይርገዱ ሳንቃውን ወደ ቀኝ ገፋችው። ገንዳዋ መስመሩን ስትነካ መስከረም ገብቶ ነበር። ንጉሡ ካባውን ደርቦ ወረደ፤ እልልታም አልጠፋም። ቀኑን የጻፉት በትንንሽ ፊደል ነው።

በዚያው ሰሞን ትርንጎ ምጧ መጣ። ይርገዱ ቅቤዋን በፈንታነሽ እጅ አስገብታ ከደጁ ማዶ፣ ሕጉ እስከፈቀደላት ድንጋይ ድረስ ሄዳ ተቀመጠች። ጎረቤት ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል። እሷ የልጇን ድምፅ በግድግዳ ትሰማለች። ትንሽ ቆይቶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። እልልታው ቀጠለ።

ሊቀ ጠብታ ያን ጊዜ መጣ። ጃንጥላ ያዡን ማዶ አስቀርቶ ነው።

"እንኳን ማርያም ማረቻት።"

"አሜን።"

"እማማ፣ ንጉሡ ምሕረት አድርገዋል። አደጋው አብቅቷል በይ። አንድ ቃል ነው። ጸሐፊው ይሰርዘዋል፣ ሰሌዳሽን አውልቀሽ አሁኑኑ ትገቢያለሽ። ሕፃኑን ታቅፊያለሽ።"

ይርገዱ በሩን አየች። ክፍት ነው። ከውስጥ የትርንጎ ድምፅ "እማዬ የት አለች?" ይላል፤ አንዷ "ውጭ ናት" ትላታለች።

"ካበቃ፣" አለች ይርገዱ፤ "የከርሞው የመጀመሪያ ዝናብ ወዴት ይሄዳል?"

ሊቀ ጠብታ ጃንጥላ ያዡ ወደ ቆመበት ዞር አለ።

"ወዴት ነው አስረስ?"

"ባለቤት የሌለው ዝናብ የንጉሥ ነው።"

"እንግዲያው አላበቃም።"

"ስንት ዓመት ልትሸከሚው ነው?"

"እስክሞት። ከዚያ ሌላ ፈልጉለት፤ እኔ ደክሞኛል።"

ሄደ። ፈንታነሽ በመታጠቢያ ሳህን ሙሉ ውሃ ይዛ ደጃፍ ላይ ብቅ አለች። ሕፃኑ ታጥቦ ነበር። ወዲያ ወዲህ አየች፣ ይርገዱን አየችና ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

"ድፊው፣" አለች ይርገዱ። "ራቅ አድርገሽ።"

ፈንታነሽ ደፋችው። ውሃው በአቧራው ላይ እየተንከባለለ ይርገዱ እግር ሥር ደረሰ፤ ወደ ጎመኑ መደብ ሊታጠፍ አለ። ይርገዱ በምርኩዟ ጫፍ መሬቱን ጫር አድርጋ መንገድ አበጀችለትና ወደ ገደሉ መራችው። እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ሰሌዳዋን አቃንታ ወደ ሳንቃዋ ዳገቱን ተያያዘችው።

እንደ ነገሩኝ ነገርኩ፤ እናንተም የምትቀዱበትን እንስራ አንገቱን አይታችሁ ጠጡ።